አምሳለ ሰረሰር፦ የሙቀት ሕክምና ስለሚሞከርባቸው ሰው ሠራሽ ቁሶችና ስለ አማርኛ ስያሜያቸው

በአከርካሪ አጥንት ውስጥ የበቀለን የካንሰር ዕጢ በሙቀት ለማጥፋት የሚነሣ ሐኪም ሁለት ተቃራኒ ነገሮችን በአንድ ጊዜ መፈጸም ይጠበቅበታል። ዕጢው ያለበት ቦታ ወደ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ በላይ መድረስ አለበት። ከዕጢው በጥቂት ሚሊሜትር ርቀት ላይ የሚያልፈው ህብለ ሰረሰር ደግሞ 45 ዲግሪ እንዳይደርስ መጠበቅ አለበት፤ ህብለ ሰረሰሩ ከተጎዳ የታማሚው እግር ሊሽባ፣ ሽንትና ሰገራ መቆጣጠርም ሊሳነው ይችላል። እንዲህ ያለውን ሥራ የሚሠራ መርፌ ወይም የድምፅ ሞገድ መሣሪያ በሰው ላይ ከመዋሉ በፊት ብዙ ጊዜ፣ በብዙ ዓይነት አቀማመጥ መሞከር ይኖርበታል። ከሙከራዎቹ ብዙዎቹ የሚካሄዱት ሥጋም አጥንትም ባልሆነ ነገር ላይ ነው፤ ከውሃና ከጨው፣ ከባሕር አረም ከሚወጣ ሙጫ፣ ከፕላስቲክ፣ አንዳንዴም ከእንቁላል ነጭ በተዘጋጀ ቁስ ላይ። ይህ ቁስ በእንግሊዝኛ የሕክምና ፊዚክስ አነጋገር «ፋንተም» ይባላል። በአማርኛ ግን የጸና ስም አላገኘም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ቁሱ ምን እንደሆነና እንዴት እንደሚሠራ ማስረዳት፣ ከዚያም ለስያሜ የሚቀርቡትን ቃላት መመዘን ነው። ቅደም ተከተሉ ያለ ምክንያት አልተመረጠም። «የሚመስል» ነገርን ለመሰየም በምን እንደሚመስልና በምን እንደማይመስል ማወቅ ይቀድማል፤ በሕክምና ትርጉም ሥራ ላይ የሚታዩት ብዙዎቹ ስሕተቶችም ይህን እርምጃ ከመዝለል የሚመጡ ናቸው።

የአካሉ ክፍሎችና ስሞቻቸው

የሰው አከርካሪ በተለምዶ 33 አንጓዎች አሉት ተብሎ ይቆጠራል፦ 7 የአንገት፣ 12 የደረት፣ 5 የወገብ፣ እርስ በርስ የተዋሐዱ 5 የዳሌና ብዙውን ጊዜ 4 የጭራ አንጓዎች። እያንዳንዱ አንጓ ከፊት በኩል ወፍራም አካል፣ ከኋላ በኩል ደግሞ ቅስት አለው፤ አካሉና ቅስቱ በመካከላቸው የሚተዉት ቀዳዳ አንዱ በአንዱ ላይ ሲደረደር ቦይ ይሆናል። ህብለ ሰረሰር የሚወርደው በዚህ ቦይ ውስጥ ነው። በጎልማሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያውና በሁለተኛው የወገብ አንጓ አካባቢ ያበቃል፤ ከዚያ በታች ቦዩን የሚሞሉት የነርቭ ሥሮች ናቸው። ህብለ ሰረሰሩን ሽፋኖች ይከብቡታል፤ በሽፋኖቹ መካከል ጨዋማና ጥርት ያለ ፈሳሽ አለ፤ ከሽፋኖቹ ውጭ ደግሞ ስብና የደም ሥሮች መረብ ይገኛል። የአንጓው አካል ውጫዊ ቅርፊት ጥቅጥቅ ያለ አጥንት ሲሆን፣ ውስጡ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ የበዛበትና በመቅኔ የተሞላ ነው።

እዚህ ላይ የስም ችግር ይጀምራል። በዕለት ተዕለት አማርኛ «አከርካሪ»፣ «የጀርባ አጥንት» እና «ሰረሰር» አንዱ ለሌላው ምትክ ሆነው ይነገራሉ። «ሰረሰር» አጥንቱንም በአጥንቱ ውስጥ ያለውንም ሊጠራ ይችላል። በትምህርት ቤት መጻሕፍት የጸናው «ህብለ ሰረሰር» ይህን ብዥታ ይለያል፤ «ህብል» በግእዝ ገመድ በመሆኑ፣ የሚነገረው ስለ ገመዱ እንጂ ስለ ዓምዱ እንዳልሆነ ግልጽ ይሆናል። ሌሎች ቋንቋዎች ይህን ክፍል በሌላ ዓይን አይተውታል። ፈረንሳይኛ፣ ጀርመንኛና ዓረብኛ «መቅኔ» ከሚል ቃል ተነሥተው ሰይመውታል። ትግርኛ አጥንቱን «ዓንዲ ሕቖ» ሲል የጀርባ ምሰሶ ያደርገዋል። በኦሮምኛ «ላፌ ዱግዳ» የጀርባ አጥንት ማለት ነው። በስዋሂሊ «ኡቲ ዋ ምጎንጎ» የጀርባ ግንድ ማለት ሲሆን፣ የአንጎልና የህብለ ሰረሰር ሽፋን ብግነትም «ሆማ ያ ኡቲ ዋ ምጎንጎ» በመባሉ የአጥንቱ ስም ለሽፋኖቹ በሽታ ተላልፏል።

ለሙቀት ሕክምና ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ አይደለም። «ሰረሰሩ ይሞቃል» የሚል ዐረፍተ ነገር በአንደኛው ትርጉሙ የሕክምናውን ዓላማ፣ በሌላኛው ትርጉሙ ደግሞ ሊደርስ የሚችለውን ከባድ አደጋ ይገልጻል። ስለዚህ በዚህ ዘርፍ «አከርካሪ» ለአጥንቱ፣ «ህብለ ሰረሰር» ለነርቩ ገመድ ብቻ ቢወሰን፣ ብቻውን የቆመ «ሰረሰር» ደግሞ ጠቅላላውን አካባቢ በሚመለከት አርእስት ላይ ካልሆነ በቀር ባይገባ ይመረጣል። በአንጓዎቹ መካከል ላለው ትራስ «ዲስክ» የሚለው የውጭ ቃል በሕዝብ ዘንድ ሥር ሰድዷል፤ «ዲስክ አለብኝ» የሚል ሰው የአካሉን ክፍል ሳይሆን ሕመሙን ነው የሚናገረው። «የዲስክ መንሸራተት» የሚለውም ዲስኩ ከነቅርጹ ከቦታው የወጣ ያስመስላል፤ በእርግጥ የሚሆነው ግን የውጪው ቀለበት ሲላላ ወይም ሲሰነጠቅ መወጠር ወይም የውስጡ ለስላሳ ክፍል መውጣት ነው።

ሙቀቱ የሚያደርገው

ሙቀት ወደ አከርካሪ የሚገባባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው። በጣም የተለመደው በመርፌ ጫፍ በኩል በሰከንድ ወደ 500 ሺህ ጊዜ አቅጣጫውን የሚቀያይር የኤሌክትሪክ ጅረት መላክ ነው፤ በህብረ ሕዋሱ ውስጥ ያሉት የጨው ቅንጣቶች ወዲያና ወዲህ ሲሉ ሙቀት ይፈጠራል። የሚሞቀው መርፌው ሳይሆን በመርፌው ዙሪያ ያለው አካል ነው። ማይክሮዌቭና ሌዘርም ለተመሳሳይ ዓላማ ይውላሉ። የአልትራሳውንድ ሞገድ ደግሞ እንደ ፀሐይ ጨረር በማጉያ መስታወት ከውጭ ወደ አንድ ነጥብ ተሰብስቦ ያለ መርፌ ያሞቃል፤ ወደ አጥንት የተሠራጨ ካንሰር የሚያስከትለውን ሕመም በዚህ መንገድ ማከም በአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ከዕጢ ውጭም፣ በአከርካሪ መገጣጠሚያዎች የሚመጣን የቆየ ሕመም ለማስታገስ ትንንሽ ነርቮችን በ80 ዲግሪ ገደማ ለአንድ ደቂቃ ወይም ለአንድ ደቂቃ ተኩል አሙቆ ማሰናከል የተለመደ ሕክምና ነው።

አማርኛ ለመሞቅ ደረጃዎች የሚበቁ ግሦች አሉት፦ ለብ አለ፣ ሞቀ፣ ጋለ፣ ረጋ፣ ፈላ፣ ከሰለ። ከእነዚህ ሦስቱ በአካል ላይ ከሚሆነው ጋር በቀጥታ ይገጥማሉ። ወደ 60 ዲግሪ ገደማ የሕዋሱ ፕሮቲን ወዲያው ይረጋል፤ ደምም ወተትም እንደሚረጋ ሁሉ። ወደ 100 ዲግሪ ሲደርስ ውሃው ይፈላል። ከዚያ ካለፈ በመርፌው ዙሪያ ያለው ሥጋ ይከስልና ጅረቱን ያግዳል፤ ሕክምናውም በዚያው ይቆማል። እዚህ ላይ አዲስ ቃል መፍጠር አያስፈልግም። «መርጋት» ሳለ «ኮአጉሌሽን» ብሎ መጻፍ ለአንባቢ የሚጨምርለት ነገር የለም።

ችግሩ ያለው ከ60 ዲግሪ በታች ነው። የህብለ ሰረሰር ጉዳት የሚጀምርበት መጠን ከቁርስ ሻይ መጠነ ሙቀት ያነሰ ነው። 45 ዲግሪ ለቋንቋው «ሞቀ» እንጂ «ተቃጠለ» አይደለም፤ ለነርቭ ሕዋስ ግን ጊዜው ከረዘመ ሞት ነው። በመሆኑም ሕክምናውን «ማቃጠል» ብሎ መተርጎም በሁለት በኩል ያሳስታል፤ ታማሚውን ከሚገባው በላይ ያስፈራዋል፣ ትክክለኛውን አደጋ ደግሞ ይሰውረዋል፤ ያልተቃጠለ ነገር ያልተጎዳ ይመስላልና። «መተኮስ» የሚለው ቃል ሌላ ጣጣ አለው። ልብስም ጠመንጃም ቁስልም የሚተኮሰው በዚሁ ግሥ ነው፤ በጋለ ብረት መተኮስ በአገራችን የታወቀ ባህላዊ ሕክምና በመሆኑም፣ «ጀርባህ ይተኮሳል» የተባለ ሰው በዓይነ ሕሊናው የሚያየው ያንኑ ነው። «በሙቀት ማክሰም» ወይም «በሙቀት ማምከን» የሚሉ አማራጮች ይቀርባሉ። «ማምከን» ከመሃንነት ጋር ስለሚነካካ የዳሌ አካባቢ ሕክምና ላይ መጥፎ ጥርጣሬ ሊያስነሣ ይችላል፤ «ዕጢውን በሙቀት ማክሰም» የተሻለ ነው።

ከዚህም በላይ «ሙቀት» የሚለው ቃል ራሱ ሁለት የፊዚክስ ጽንሰ ሐሳቦችን ይሸፍናል። አንዱ ከቦታ ወደ ቦታ የሚተላለፈው ኃይል ነው፤ ሌላው በቴርሞሜትር የሚነበበው መጠን ነው። የትምህርት መጻሕፍት ሁለተኛውን «መጠነ ሙቀት» ብለው ለይተውታል። ሁለት አካላት እኩል ሙቀት ተቀብለው እኩል መጠነ ሙቀት ላይኖራቸው ይችላል፤ የአምሳያ ሥራ ሁሉ የቆመው በዚህ ልዩነት ላይ ስለሆነ ቃሉን ማሳጠር አይበጅም።

ጊዜና መጠነ ሙቀት የሚጣመሩበት ስሌት እ.ኤ.አ. በ1984 ሳፓሬቶና ዲዊ ያቀረቡት ነው። ማንኛውም የማሞቅ ታሪክ በ43 ዲግሪ ስንት ደቂቃ ከመቆየት ጋር እኩል እንደሆነ ይሰላል። ከ43 በላይ መጠነ ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ያንኑ ጉዳት ለማድረስ የሚበቃው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። በ43 ዲግሪ 240 ደቂቃ የሚፈጀው ጉዳት በ44 ዲግሪ 120፣ በ45 ዲግሪ 60፣ በ46 ዲግሪ 30 ደቂቃ ይበቃዋል፤ በ51 ዲግሪ ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ጊዜ ነው። ይህ ስሌት ቀጥሎ ለሚመጣው ጉዳይ ያስፈልጋል።

አምሳያው በምን ይመስላል

ለሙከራ የሬሳ አከርካሪ ወይም ከቄራ የመጣ የበሬና የአሳማ አጥንት መጠቀም ይቻላል፤ ይደረጋልም። ሆኖም የሞተ አካል ደም አይዘዋወርበትም፣ ከቀን ወደ ቀን ይለወጣል፣ አንዱም ከሌላው አይመሳሰልም፤ በሁለት መርፌዎች መካከል የታየው ልዩነት የመርፌዎቹ ይሁን የአጥንቶቹ ለመለየት ያስቸግራል። በሕይወት ያለ እንስሳ ደም አለው፤ ነገር ግን የአከርካሪው መጠንና ቅርጽ የሰው አይደለም፣ የሥነ ምግባር ጥያቄም አለበት። በአንድ የአሠራር መመሪያ የተዘጋጀ ቁስ ግን ዛሬም ነገም፣ ናይሮቢም ቶሮንቶም ተመሳሳይ ነው። በውስጡ የሚያሳይ ሆኖ ሊሠራ ይችላል፤ ቴርሞሜትሩም በተፈለገው ነጥብ ላይ ይተከላል።

ቁሱ ሥጋን በሁሉም ነገር እንዲመስል አይጠየቅም፤ ሊሆንም አይችልም። እንዲመስል የሚፈለገው ለሚሞከረው የሙቀት ምንጭ ወሳኝ በሆኑት ጠባዮች ነው። ለኤሌክትሪክ መርፌ ዋናው ጅረት የማስተላለፍ አቅም ነው። ለአልትራሳውንድ ድምፁ የሚጓዝበት ፍጥነትና በመንገድ የሚዋጠው መጠን ነው፤ በለስላሳ ህብረ ሕዋስ ፍጥነቱ በአማካይ 1540 ሜትር በሰከንድ ተደርጎ ይወሰዳል፣ በጥቅጥቅ አጥንት ውስጥ ከዚህ እጥፍ ገደማ ወይም የበለጠ ነው። ለሌዘር ብርሃን የሚዋጥበትና የሚበተንበት ሁኔታ ነው። ለሁሉም የጋራ የሆኑት ደግሞ ሙቀት አስተላላፊነትና ቁሱን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ የሚፈጀው የሙቀት መጠን ናቸው።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው ሲሊከን ጎማ ነው። ተማሪ ሐኪሞች መርፌ መውጋት የሚለማመዱበት የሲሊከን ጀርባ በእጅ ሲነካ ቆዳና ሥጋ ይመስላል፤ ዓይንንም ያሳምናል። ሙቀት አስተላላፊነቱ ግን ከ0.15 እስከ 0.2 ዋት በሜትር በኬልቪን አካባቢ ነው፤ ውሃ የበዛበት ለስላሳ ህብረ ሕዋስ ወደ 0.5 ይጠጋል። የኤሌክትሪክ ጅረት ደግሞ ከነጭራሹ አያሳልፍም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ለእጅ ልምምድ የተዋጣለት አምሳያ ለሙቀት ሙከራ ምንም አይረባም። ዓይን የማያየው፣ ለእጅም ሥጋ የማይመስለው የጨው ሙጫ ግን ሥራውን ይሠራል።

ከሙጫዎቹ ቀላሉ ከባሕር አረም የሚወጣው አጋር ነው። በፈላ ውሃ ይሟሟል፣ ሲቀዘቅዝ ወደ 40 ዲግሪ ገደማና ከዚያ በታች ይረጋል፣ እንደገና ለመቅለጥ ግን ወደ 85 ዲግሪ መድረስ አለበት። ይህ በመርጋትና በመቅለጥ መካከል ያለው ሰፊ ርቀት ነው ለሙቀት ሙከራ ያስመረጠው። ከእንስሳ ቆዳና አጥንት የሚገኘው ጄላቲን በሰውነት ሙቀት አካባቢ ስለሚቀልጥ ያለ ማጠንከሪያ ቅመም ለዚህ ሥራ አይሆንም። አጋርም ቢሆን 90 ዲግሪ በደረሰ መርፌ ዙሪያ ፈሳሽ ይሆናል፤ ፈሳሽ ደግሞ በራሱ እየተንቀሳቀሰ ሙቀት ያጓጉዛል፣ ሥጋ የማያደርገውን ያደርጋል። ፖሊአክሪላማይድ የተባለው ሰው ሠራሽ ሙጫ ሰንሰለቶቹ በጽኑ ኬሚካዊ ትስስር የተያያዙ በመሆናቸው ሲሞቅ አይቀልጥም፣ እንደ መስታወትም ጥርት ያለ ነው። የሚሠራበት አክሪላማይድ ግን ገና ሙጫ ከመሆኑ በፊት ነርቭን የሚመርዝ ነው፤ የሌላውን ነርቭ ለመጠበቅ የሚደክመው ሠራተኛ የራሱን በጓንት መጠበቅ አለበት። ፖሊቪኒል አልኮል ደግሞ ተደጋግሞ በማቀዝቀዝና በማሟሟት ይጠነክራል፤ ድግግሞሹ በጨመረ ቁጥር ጥንካሬው ስለሚጨምር የህብለ ሰረሰርን ልስላሴ ለመቅረጽ ይመቻል።

በእነዚህ ላይ የሚጨመረው ቅመም የታወቀ ነው። የወጥ ቤት ጨው የኤሌክትሪክ አስተላላፊነትን ይጨምራል፤ ስኳር ለማይክሮዌቭ ሙከራ የውሃውን ጠባይ ወደ ሥጋ ያቀርባል፤ የግራፋይት ወይም የአሉሚና ዱቄት የአልትራሳውንድ ሞገድን ይበትናል፤ ወፍራም ወተትም ሞገዱን እንዲውጥ ይጨመራል። ማንኛውም ሙጫ ክፍት ከተተወ ውሃው ይተናል፣ ሻጋታም ያበቅላል፤ ያኔ የተለካው ቁጥር ሁሉ ዋጋ ያጣል።

ከሁሉ አስቸጋሪው አጥንቱ ነው። የብሎን ጥንካሬ የሚፈተንበት የታወቀ የፖሊዩሬታን አረፋ አለ፤ በጥንካሬው ስፖንጃማውን አጥንት ስለሚመስል በአጥንት ቀዶ ሕክምና ምርምር ዘንድ ደረጃ ወጥቶለታል። ነገር ግን የአረፋው ቀዳዳዎች በአየር የተሞሉ ናቸው፤ የሕያው አጥንት ቀዳዳዎች በመቅኔና በደም። አየር ሙቀት አያስተላልፍም፤ አልትራሳውንድንም ያግዳል። በዚህ አረፋ የተሠራ አንጓ ውስጥ የገባ መርፌ ሙቀቱ ከቦታው አይነቃነቅም፤ ተመራማሪውም «አጥንቱ ህብለ ሰረሰሩን በሚገባ ይጠብቃል» ወደሚል ድምዳሜ ይደርሳል። ጥቅጥቅ አጥንት ሙቀትን በመከላከል ረገድ በእርግጥ የተወሰነ ድርሻ አለው፤ የአረፋውን ያህል ግን አይደለም። መፍትሔው ቀዳዳዎቹ ክፍት የሆነን አረፋ ወይም በሦስት ገጽታ ማተሚያ የተሠራ የአጥንት ቅርጽ በጨው ሙጫ መሙላት ነው።

የአከርካሪው ፈሳሽ በአንጻሩ በቀላሉ ይመሰላል፤ ጨዋማ ውሃ ይበቃዋል። የኤሌክትሪክ አስተላላፊነቱ ወደ 2 ሲመንስ በሜትር ይጠጋል፤ የጥቅጥቅ አጥንት ከዚህ በመቶ እጥፍ ገደማ ያነሰ ነው። በጥቂት ሚሊሜትር ውስጥ እንዲህ ያለ ዝላይ መኖሩ ጅረቱ ወዴት እንደሚሄድ ስለሚወስን፣ አጥንቱን ብቻ ቀርጾ ፈሳሹን የተወ አምሳያ የሚያሳየው ስዕል የሌላ አካል ስዕል ነው። ፈሳሹ በትንሽ ፓምፕ ከተንቀሳቀሰ ደግሞ ሙቀት ጠራርጎ መውሰዱም ይታያል።

ደም ግን በሙጫ ውስጥ የለም። ሃሪ ፔንስ እ.ኤ.አ. በ1948 በሰው ክንድ ላይ ባደረገው ልኬት ተመርኩዞ ያቀረበው ስሌት የሕያው አካል ሙቀት በሦስት ነገሮች እንደሚወሰን ያሳያል፦ በህብረ ሕዋሱ በኩል በሚተላለፈው ሙቀት፣ ሕዋሱ ራሱ በሚያመነጨውና ደም በሚያመጣው ወይም በሚወስደው። ሙጫው የመጨረሻው ስለሌለው ከሕያው አጥንት ይበልጥ ይሞቃል። የዚህ ስሕተት ጠባይ ልብ ሊባል ይገባል። ስለ ህብለ ሰረሰሩ ደኅንነት ለሚጠይቅ ሰው ስሕተቱ በጥንቃቄ በኩል ያጋደለ ነው፤ በሙጫው ያልሞቀ ቦታ በሰው ላይ የመሞቅ ዕድሉ ያነሰ ነውና። ዕጢው ሙሉ በሙሉ መጥፋቱን ለሚጠይቅ ሰው ግን ያው ስሕተት አደገኛ ነው፤ በሙጫው 3 ሴንቲሜትር የሞቀ ክብ በታማሚው ላይ ሊያንስ ይችላል፣ ዳር ላይ የቀረው ዕጢም እንደገና ያድጋል። አንድ አምሳያ ለአንዱ ጥያቄ ታማኝ፣ ለሌላው አሳሳች ነው።

የነጣውና ያልነጣው

በፖሊአክሪላማይድ ውስጥ የእንቁላል ነጭ ወይም ከከብት ደም የሚወጣ አልቡሚን ሲጨመር ጥርት ያለው ሙጫ በሞቀበት ቦታ ነጭ ይሆናል። ማንኛውም እንቁላል የጠበሰ ሰው የሚያውቀው ለውጥ ነው። የነጣው ክብ በዓይን ይታያል፣ በማስመሪያ ይለካል፣ ፎቶ ይነሣል፤ ስለዚህም የመሣሪያ ሻጮች ትርዒት ላይ ደኅና ቦታ አለው።

ይሁን እንጂ ነጩ ድንበር የሕዋስ ሞት ድንበር አይደለም። የእንቁላል ነጭ የሚረጋው ከ60 ዲግሪ በላይ ገደማ ሲደርስ ነው፤ ከዚያ በታች ለተራዘመ ሙቀት ያለው ምላሽ የነርቭ ሕዋስን ምላሽ አይከተልም። ከላይ በተጠቀሰው ስሌት መሠረት ደግሞ በ51 ዲግሪ አንድ ደቂቃ የቆየ ህብረ ሕዋስ በ43 ዲግሪ አራት ሰዓት ከቆየው ጋር እኩል ተጎድቷል። ሙጫው በዚያ ቦታ እንደ ውሃ ጥርት ብሎ ይታያል። ነጩን አይቶ «ከዚህ ውጭ ያለው ሁሉ ደኅና ነው» ብሎ የሚፈርድ ሰው የህብለ ሰረሰሩን ቦታ በደኅናው ወገን መድቦት ይሆናል። የአሲድነቱን መጠን በመለወጥ ፕሮቲኑ የሚረጋበትን ዲግሪ ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ ልዩነቱን ያጠባል እንጂ አይዘጋውም። ስለዚህ በቦዩ ውስጥ ቴርሞሜትር መኖር አለበት፤ ነጩ ቀለም ብቻውን አይበቃም።

ሌላው መለኪያ የኤም አር አይ ማሽን ነው። የውሃ ሃይድሮጅን የሚሰጠው ምልክት በመጠነ ሙቀት እንደሚለወጥ ሂንድማን እ.ኤ.አ. በ1966 አሳይቷል፤ ለውጡ በአንድ ዲግሪ ከሚሊዮን አንድ መቶኛ እጅ ያህል ብቻ ቢሆንም ሊለካ ይችላል። ውሃ በበዛበት ሙጫ ይህ ዘዴ እጅግ ያምራል። በአንጓው ውስጥ ያለው መቅኔ ግን ስብ የበዛበት ነው፤ የስብ ሃይድሮጅን እንደ ውሃው አይለወጥም፤ ጥቅጥቅ አጥንትም ምልክት የሚሰጠው ጥቂት ነው። ከሙጫው ወደ ሰው ሲታለፍ ቴርሞሜትሩ ራሱ ይዳከማል ማለት ነው።

ስሙ ምን ይሁን

«ፋንተም» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ምንጩ የግሪኩ «ፋንታስማ» ነው። ይህ የግሪክ ቃል በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 14፣ ደቀ መዛሙርት በባሕር ላይ የሚራመደውን ባዩ ጊዜ የተናገሩት ሲሆን፣ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ምትሐት» ብሎ ተርጉሞታል። በመዝገበ ቃላት መንገድ የሚሄድ ተርጓሚ እንግዲህ «የሰረሰር ምትሐት» ላይ ይደርሳል። ትርጉሙ በሥርወ ቃል ልክ ነው፤ በአገልግሎቱ ግን ሊሆን የማይችል ነው። ቃሉን እንዳለ «ፋንተም» ብሎ መውሰድ ለላቦራቶሪ ሰዎች ይመች ይሆናል፤ ለቀረው አንባቢ ግን ምንም አይነግረውም።

«አስመሳይ ህብረ ሕዋስ» የእንግሊዝኛውን «ቲሹ ሚሚኪንግ» ቃል በቃል ይከተላል። በአማርኛ «አስመሳይ» ግብዝና አታላይ ሰው ነው፤ ቃሉ ከሰው ወደ ዕቃ ሲሻገር ይህን ጥላ ይዞ ይሄዳል። «ናሙና» በሕክምና ቤት ከታማሚው የተወሰደ ደም ወይም ሥጋ ነው፤ ለዚህ ቁስ ቢውል ከሰው የተወሰደ ያስመስለዋል። «ምትክ» እና «ሰው ሠራሽ ህብረ ሕዋስ» ከሁሉም የሚያሳስቱት ናቸው። ሰው ሠራሽ እግር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ሰው ሠራሽ የልብ ከለን የለመደ ጆሮ «ሰው ሠራሽ ህብረ ሕዋስ» ሲሰማ ወደ አካል የሚገባ ነገር ይጠብቃል። በአሜሪካና በእስራኤል ሆስፒታሎች ለአማርኛ ተናጋሪ ታማሚዎች የሚያስተረጉሙ ባለሙያዎች በስምምነት ቅጽ ላይ «መሣሪያው በሰው ሠራሽ የሰረሰር ህብረ ሕዋስ ተሞክሯል» የሚል ዐረፍተ ነገር ቢገጥማቸው፣ ሰሚው ጀርባው ውስጥ ፕላስቲክ ሊገባ ነው ብሎ የመረዳት ዕድሉ ትንሽ አይደለም። «ሰው ሠራሽ» የሚለው ገላጭ «ቁስ» ለሚለው ስም ሲሆን ችግር የለበትም፤ ችግሩ «ህብረ ሕዋስ» ላይ ሲለጠፍ ነው።

የቀረው «አምሳያ» ነው። ከ«መሰለ» የወጣ ሆኖ የ«አስመሳይ»ን ነቀፋ አይሸከምም፤ መምሰሉን ይናገራል፣ መሆኑን ግን አይናገርም። ለታማሚና ለጠቅላላ አንባቢ «ለሙከራ የተሠራ አምሳያ» ያለ ማብራሪያ ይገባል። ለሙያ ጽሑፍ «አምሳለ ህብረ ሕዋስ» የሚለው የግእዝ አሰካክ «ህብለ ሰረሰር» እና «ህብረ ሕዋስ» ከሚሉት ቀደምት ስያሜዎች ጋር በቅርጽ ይስማማል፤ «አምሳለ አጥንት»፣ «አምሳለ ህብለ ሰረሰር» እያሉ ማራባትም ይቻላል። «አምሳል» በሃይማኖት ቋንቋ ትልቅ ስፍራ ያለው ቃል መሆኑ እንደ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ሆኖም «በአምሳሉ» የሚለው አነጋገር ቃሉን ከሌላ አገልግሎት አላገደውም።

«አምሳያ» አንድ ጉድለት አለው፤ በምን እንደሚመስል አይናገርም። ከላይ እንደታየው የሲሊከኑ ጀርባም የጨው ሙጫውም አምሳያዎች ናቸው፣ አንዱ ግን በሌላው ቦታ አይገባም። ስለዚህ ስያሜው የሚመስልበትን ጠባይ አብሮ ቢይዝ ይሻላል፦ «የሙቀት አምሳያ»፣ «የድምፅ አምሳያ»፣ «የእጅ ልምምድ አምሳያ»። በዚህ መሠረት ለሙያ መዝገበ ቃላት የሚከተለው ፍቺ ሊቀርብ ይችላል። አምሳለ ህብረ ሕዋስ፦ ከሕያው አካል ያልተወሰደ፣ ወደ አካልም የማይገባ፣ የአንድን ህብረ ሕዋስ ለተወሰነ ሙከራ የሚያስፈልጉ ጠባዮች በልክ እንዲይዝ ተደርጎ የተዘጋጀ ቁስ፤ ጠባዮቹ በቁጥር ሲገለጹ ብቻ ከሌላ ቦታ ከተሠራ አምሳያ ጋር የሚነጻጸር።